ነገሩን ትቶ ሰውየውን፦ ክርስቲያኖች ሲከራከሩ ስለሚነሳው ስድብ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህን የጻፍኩት ሁለት ዓይነት ሰዎች በአንድ ጉዳይ ስለሚመጡብኝ ነው። አንደኛው "እምነታችን እየተነካ እንዴት በለሰለሰ አፍ እንናገር?" ይላል። ሁለተኛው ተሰድቦ የመጣ ነው። ጉባኤ ላይ ወይም ጥናት ላይ አንድ ነገር ጠይቆ፣ በመልስ ፈንታ ስም ወጥቶለት የተመለሰ። ኦርቶዶክሱም፣ ጴንጤውም፣ ካቶሊኩም አለበት። እኔም አለሁበት፤ የራሴን መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ።

ጠንከር ያለ ትችት ሁሉ ስድብ ነው እንዴ?

አይደለም። "ተሳስተሃል፤ ጥቅሱን ከላይና ከታች ካለው ነጥለህ ነው ያነበብከው" ቢሉኝ ያመኛል እንጂ አልተሰደብኩም። "አንተ ደግሞ ማን ሆነህ ነው? ፊደል ሳትቆጥር!" ሲሉኝ ግን ስለ ጥቅሱ አንድም ነገር አልተባለም። መለያው ቀላል ነው። ከተናገራችሁት ውስጥ ስለ ሰውየው ያላችሁትን አውጡና የቀረውን እዩ። የቀረ ነገር ካለ ክርክር ነበር፣ ክፉ አነጋገር ቢቀላቀልበትም። ምንም ካልቀረ ስድብ ብቻ ነበር።

ከመጽሐፍ ቅዱስ ለዚህ እንደ ዮሐንስ 9 ጥርት ያለ ታሪክ አላየሁም። ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ጌታ ዓይኑን ካበራለት በኋላ ፈሪሳውያን ሁለቴ ጠርተው ይመረምሩታል። ሰውየው ሲለምን የኖረ ነው፣ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልደረሰም። ንግግሩን ግን ተመልከቱ። እግዚአብሔር ኃጢአተኞችን አይሰማም ይላል። ዕውር ሆኖ የተወለደን ዓይን የከፈተ ሰው ከጥንት ጀምሮ አልተሰማም ይላል። ስለዚህ ይህ ሰው ከእግዚአብሔር ባይሆን ኖሮ ምንም ሊያደርግ አይችልም ነበር ይላል። ሦስት ነጥብ፣ አንዱ በአንዱ ላይ የቆመ። የተማሩት ሰዎች ከሦስቱ አንዱን እንኳ አልነኩም። "አንተ ሁለንተናህ በኃጢአት ተወለድህ፥ አንተም እኛን ታስተምራለህን?" አሉትና ወደ ውጭ አወጡት። ነጥቦቹ እዚያው ቀሩ። እስከ ዛሬም አሉ፣ እያነበብናቸው ነው።

እውነት በእጁ ያለ ሰው ለምን ይሳደባል?

ብዙ ጊዜ መልሱን ስለማያውቀው ነው። ያመነው ነገር እውነት ሊሆን ይችላል፤ ለምን እውነት እንደሆነ ግን ጠይቆ አያውቅም። ስለዚህ ጥያቄ ሲመጣበት ቤቱ ሌባ የገባ ያህል ይደነግጣል።

ሌላው ምክንያት የራስ ወገን ፍርሃት ነው። የኛ ሰዎች እያዩን ነው፤ ለዘብ ካልን "ልቡ ወደዚያ ነው" ይሉናል። ፈሪሳዊው ኒቆዲሞስ ይህን ቀምሷል። ዮሐንስ 7 ላይ ወገኖቹ ጌታን ሲኮንኑ "ሕጋችን አስቀድሞ ከእርሱ ሳይሰማ ምንስ እንዳደረገ ሳያውቅ በሰው ይፈርዳልን?" ብሎ ጠየቀ። የተጠየቁት ሕግ አዋቂዎች ናቸው፣ ጥያቄውም የሕግ ነው፣ አዎ ወይም አይደለም ብለው መመለስ ይችሉ ነበር። እነሱ ግን "አንተም ደግሞ ከገሊላ ነህን?" አሉት። አገሩን አነሱበት። እኛ ዘንድ "ለመሆኑ የየት ሰው ነህ?" የሚለው ስንት ክርክር እንደዘጋ የምታውቁት ነው።

ጌታ ራሱ "እናንተ እባቦች፥ የእፉኝት ልጆች" ብሎ የለም ወይ?

ብሏል፤ ማቴዎስ 23:33። ከሁሉም በላይ የሚጠየቀው ይህ ነው፣ ላድበሰብሰውም አልፈልግም። ብዙ ጊዜ ግን ጥቅሱን የሚያነሳው ሰው ምዕራፉን ከመጀመሪያው አላነበበውም።

ምዕራፉ የሚጀምረው በምንድን ነው? ጻፎችና ፈሪሳውያን በሙሴ ወንበር ተቀምጠዋል፣ ያዘዟችሁን ሁሉ አድርጉ ጠብቁትም፣ እንደ ሥራቸው ግን አታድርጉ በማለት ነው። እስቲ ቆም ብላችሁ እዩት። ጌታ የሰዎቹን ክፋት ጠንቅቆ እያወቀ፣ ሰዎቹ ክፉ ስለሆኑ ከወንበሩ የሚናገሩት ሁሉ ውሸት ነው አላለም። ነገሩንና ሰውየውን ለየ። እኛ ተሳዳቢዎቹ የምናደርገው የዚህን ተቃራኒ ነው።

ከዚያ "ወዮላችሁ" ይመጣል። ግን እያንዳንዱ ወዮታ ምክንያቱን ይዞ ነው የሚመጣው። ከአዝሙድና ከእንስላል ከከሙንም አሥራት ስለምታወጡ፣ ፍርድንና ምሕረትን ታማኝነትንም ስለምትተዉ። የጽዋውን ውጭ ስለምታጠሩ። ሰሚው ሄዶ ሊያጣራው የሚችል ክስ ነው፣ እስከ ቅመሙ ስም ድረስ።

ደግሞ ተግሣጹ የመጣው መቼ እንደሆነ እዩ። ከዚያ በፊት ያለው ምዕራፍ 22 ከቁጥር 15 ጀምሮ ጥያቄና መልስ ነው። ለቄሣር ግብር መስጠት ተፈቅዷል ወይ? በትንሣኤ ሴትዮዋ ከሰባቱ ወንድማማች ለማንኛው ሚስት ትሆናለች? ታላቂቱ ትእዛዝ የትኛዋ ናት? አብዛኛው ሊያጠምዱት የጠየቁት ነው። ሁሉንም መለሰ። የሰዱቃውያኑን የትንሣኤ ጥያቄ እነሱ ከሚቀበሉት ከሙሴ መጽሐፍ ጠቅሶ ነው የመለሰው። እኛ "ጌታም ተሳድቧል" የምንለው ጥያቄው ገና አንድ እንኳ ሳይመለስ ነው።

ምዕራፉ የሚያልቀውም በእፉኝት አይደለም። ዶሮ ጫጩቶቿን ከክንፎቿ በታች እንደምትሰበስብ ልጆችሽን ልሰበስብ ስንት ጊዜ ወደድሁ፣ አልወደዳችሁም ብሎ ነው። የሚሳደበውን ሰው በዚህ ልብ የሚናፍቅ ካለ ያን ጊዜ እንነጋገር። እኔ ግን እስካሁን ተቆጥቼ ስሳደብ እንዲህ ዓይነት ልብ በውስጤ አግኝቼ አላውቅም።

ጳውሎስስ? "በኖራ የተለሰነ ግድግዳ" ብሎ የለ?

ሐዋርያት ሥራ 23 ላይ ነው። አፉን እንዲመቱት ሲታዘዝ ብሎታል። ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ግን አብራችሁ ጥቀሱት፤ ሊቀ ካህናት መሆኑ ሲነገረው "ባላውቅ ነው" ብሎ፣ በሕዝብህ አለቃ ላይ ክፉ ቃል አትናገር የሚለውን በራሱ ላይ ጠቀሰ። በጉባኤ መካከል፣ እንዲመታ ታዝዞበት ሳለ።

በታሪክ ትልልቆቹ የቤተ ክርስቲያን መምህራንም ተሳድበው የለም?

ተሳድበዋል፣ ያውም ክፉኛ። ጀሮም መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ላቲን የመለሰ ታላቅ ሊቅ ነው፤ ቪጊላንቲዩስ የሚባል ካህን ሲቃወመው ግን ስሙን ገልብጦ፣ "ንቁ" የሚለውን "እንቅልፋም" አድርጎ ጠራው። እ.ኤ.አ. በ1521 የእንግሊዙ ንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ በሉተር ላይ ጻፈ። ሉተር በ1522 በስድብ መለሰ። በ1523 ቶማስ ሞር በብዕር ስም ተደብቆ ለንጉሡ ወግኖ ሲጽፍ የተጠቀመበትን ቃል እዚህ መድገም አልችልም። የተማሩና ጸሎተኛ ሰዎች ናቸው። ታላቅ መሆናቸው ስድቡን ጽድቅ አያደርገውም።

እኔ ግን ሁልጊዜ የሚመጣብኝ አውግስጢኖስ ነው። ዛሬ አልጄሪያ ውስጥ ባለችው ከተማ በሂፖ ጳጳስ ነበር። በ400 እ.ኤ.አ. አካባቢ ዶናቲስቶች ከሚባሉት፣ ከቤተ ክርስቲያኒቱ ከተለዩት የሰሜን አፍሪካ ክርስቲያኖች ጋር ይከራከራል። የክርክሩ እምብርት ጥምቀት በሚያጠምቀው ሰው ቅድስና ላይ ይቆማል ወይስ በክርስቶስ የሚለው ነው። ከእነሱ ወገን ጳጳስ የነበረው ፔቲሊያን የአውግስጢኖስን የወጣትነት ታሪክ አወጣበት፤ ከማኒ ተከታዮች ጋር የነበረበትን ዘመን ሁሉ። ውሸት አይደለም፣ ነበረ። ሌላ ሰው ቢሆን "አንተስ?" ብሎ ይጀምር ነበር። አውግስጢኖስ ግን የመለሰው በአጭሩ፦ ስለ እኔ የፈለግኸውን በል፣ የያዝነው ጉዳይ የእኔ ጉዳይ አይደለም፣ የቤተ ክርስቲያን ነው፤ ተስፋዬን በራሴ ላይ አላደረግሁም የሚል ነበር። ለራሱ ጥብቅና አልቆመም። ደግሞ አስተውሉ፤ እውነት በሚያገለግለው ሰው ማንነት ላይ አትቆምም የሚለው ሰው ሲሰደብ፣ ስድቡን ወደ ጎን ማድረጉ ራሱ የትምህርቱ ማስረጃ ሆነ።

በእኛ አገርስ ይህ ነገር ከቴሌግራምና ከቲክቶክ ጋር የመጣ አይደለም?

አይደለም፣ ድሮም ነበር። ስልኩ ፍጥነት ነው የጨመረለት። በጎንደር ዘመን ተነስቶ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ በ1870 ዓ.ም. እስከተዘጋው ድረስ፣ ስለ ክርስቶስ መቀባትና ልደት በተደረገው ረጅም ክርክር ወገኖቹ ስም ይለጣጠፉ ነበር። ክርስቶስ ከአብና ከድንግል ማርያም ሁለት ልደት ብቻ አለው የሚሉትን ተቃዋሚዎቻቸው "ካራ" ይሏቸው ነበር፤ በመንፈስ ቅዱስ የሚባለውን ሦስተኛውን ልደት ቆረጡት ለማለት። አንድ ትልቅ የነገረ መለኮት ጥያቄ በአንድ ቢላዋ ስም ሲጠቀለል ሰሚው ምን ይማራል? መራቅን ብቻ።

"ጴንጤ" የሚለውም ጴንጤቆስጤ ከሚለው ተቆርጦ የወጣ፣ መጀመሪያ ለመናቅ የተባለ ስም ነው። "መጤ" ይከተለዋል። ዛሬ ብዙዎች ራሳቸውን በሰላም ይጠሩበታል፤ ያኔ ግን የተባሉበት ትውልድ ገና በሕይወት አለ፣ ቁስሉንም ያስታውሳል። በሌላ በኩል ደግሞ የወንጌላውያን ልጆች፣ አንዲት እናት በሥዕል ፊት ስትቆም ምን እያለች እንደምትጸልይ አንድ ቀን እንኳ ሳይጠይቁ "ጣዖት አምላኪ" ብለው ይዘጉታል። ጠይቁ፤ መልሷን ሰምታችሁ ካልተስማማችሁ አትስማሙ። ግን መጀመሪያ መልሷን ስሙ።

አንድ ነገር ግን እንዲረሳ አልፈልግም። ይኸው አገር አንድምታን ወልዷል። የመጽሐፍ መምህራን አንዱን ንባብ ተርጉመው "አንድም" ይላሉና ሌላውን ፍቺ ያመጣሉ፣ ደግሞ "አንድም" ብለው ሦስተኛውን። የተለየ ፍቺ ያመጣው ሊቅ አይሰደብም፤ ፍቺው ከወንድሙ ፍቺ አጠገብ ይቀመጣል፣ ተማሪው ሁለቱንም በቃሉ ያጠናል። ይህን የመሰለ ወግ እያለን ስድብ ከሌላ አገር መማር ነበረብን ወይ እላለሁ አንዳንዴ።

ታዲያ "መናፍቅ" ማለት ስድብ ነው?

በማን አፍ እንደሚወጣና መቼ እንደሚወጣ ይለያል። ቤተ ክርስቲያን ትምህርትን መርምራ ስህተት ነው የማለት ሥልጣን አላት፣ ይህን የሚክድ ክርስቲያን ያለ አይመስለኝም። ግን በኒቅያ በ325 እ.ኤ.አ. አባቶች መጀመሪያ የአርዮስን ትምህርት ሰሙ፣ ተከራከሩ፣ ከዚያ ወሰኑ። አትናቴዎስም ከዚያ በኋላ ዕድሜውን ሙሉ ለምን ስህተት እንደሆነ ከመጻሕፍት እየጠቀሰ ሲጽፍ ኖረ። "መናፍቅ" የሚለው ቃል የምርመራ መጨረሻ ነበር። እኛ የምርመራ መጀመሪያ አደረግነው፤ ከዚያ በኋላ ምርመራ የለም። አንድ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ስለ ምልጃ ጠይቆ በሁለት ደቂቃ ውስጥ "ተሐድሶ" ከተባለ፣ ማን ነው የመረመረው?

ሰባኪው ግን እውነትም ሌባ ከሆነስ? ስለ ጠባዩ አይነገርም?

ይነገራል። ጠባዩ ራሱ ጉዳዩ ሲሆን። አገልጋይ ልሁን፣ እመኑኝ፣ ገንዘባችሁን ስጡኝ ሲል፣ 1ኛ ጢሞቴዎስ 3 ገንዘብን የማይወድ ሊሆን ይገባል ይላልና ሕይወቱ ይመረመራል። "ጌታ እንዲህ ተናገረኝ" ብሎ ትንቢቱ ካልሆነም በስሙ ይጠየቃል። ግን በማስረጃና በምስክር፣ ሊያጣራ ለሚችል አካል። ሙዳየ ምጽዋቱን አትስጡት። ስለ ጸሎት ያስተማረው ትክክል ከሆነ ግን ሌባ ስለሆነ ብቻ ስህተት አይሆንም።

እኔን ሲሰድቡኝ ምን ልበል?

ዮሐንስ 8:48 ላይ ለጌታ በአንድ ትንፋሽ ሁለት ስድብ ወረወሩበት፦ ሳምራዊ ነህ፣ ጋኔንም አለብህ። መልሱን አንብቡ። "እኔስ ጋኔን የለብኝም" አለ። ሳምራዊ ስላሉት ግን ምንም አላለም። ዘርን በተመለከተ አልተከላከለም፣ "ሳምራዊ አይደለሁም" ብሎ ሳምራውያንን ዝቅ አላደረገም። ይህች ዝምታ በዘር ለምንሰዳደብ ለእኛ ትልቅ ትምህርት ናት። ሥራውን የነካውን ብቻ መለሰ።

በጥፊ ሲመቱት ደግሞ የተናገረው ለእኔ ከሁሉ የሚበልጥ ነው፦ "ክፉ ተናግሬ እንደ ሆንሁ ስለ ክፉ መስክር፤ መልካም ተናግሬ እንደ ሆንሁ ግን ስለ ምን ትመታኛለህ?" ዝም አላለም፣ መልሶም አልመታም። ወደ ነገሩ መለሳቸው። በእኛ አነጋገር "ስለ እኔ ያልከውን ልተወው፤ ያልኩት ላይ ስህተቱ የቱ ጋ ነው?" ማለት ነው። አንዴ በሉት። ሁለቴም በሉት። ከዚያ ወዲያ ከቀጠለ ደህና ዋል ብላችሁ ውጡ፤ ቲቶ 3:10ም ከሁለት ጊዜ አያልፍም። በንዴት ማታ ማታ የድምፅ መልእክት አትላኩ፣ ይህን ከልቤ ነው የምለው። ጠዋት ስትሰሙት የራሳችሁ ድምፅ አይመስላችሁም።

እህቴ ሃይማኖት ቀየረች። እናታችን "ከሃዲ" እያለቻት ነው። ምን ላድርግ?

እናትሽ እየተከራከረች አይደለም፣ እያለቀሰች ነው። ለእሷ ጥቅስ አትቁጠሪላት። "እማዬ፣ ምን እንዳትሆንብሽ ነው የፈራሽው?" ብለሽ ጠይቂያት። እህትሽንም ለብቻዋ ያዣት፤ የእናቷን ጾምና ጧፍ ማናናቋን ትተው፣ እሱም ስድብ ነው። አዋቂ ልጅ ናትና የመረጠችውን አንቺ ልትወስኚላት አትችይም። ለበዓል አንድ ማዕድ ላይ መቀመጣቸው ግን አይቅር።

ለእውነት አለመሳደብ መፍራት አይደለም?

ይሁዳ ቁጥር 9ን እዩ። የመላእክት አለቃ ሚካኤል ስለ ሙሴ ሥጋ ከዲያብሎስ ጋር ሲከራከር የስድብን ፍርድ ሊናገር አልደፈረም፣ "ጌታ ይገሥጽህ" አለ እንጂ። ሚካኤልን ፈሪ የሚል የለም። ተከራካሪውም ዲያብሎስ ነበር። ከዚያ የባሰ ተከራካሪ እኔ አጋጥሞኝ አያውቅም።

ተሳድቤ ከሆነስ?

ከዓመታት በፊት ዓርብ ማታ ቤት ውስጥ የምንገናኝ ጥናት እመራ ነበር። አንድ አዲስ ልጅ፣ ደብተር ይዞ የሚመጣ፣ እጁን አወጣ። ማቴዎስ የዮሴፍን አባት ያዕቆብ ይላል፣ ሉቃስ ደግሞ ኤሊ ይላል፣ የቱ ነው? አለ። መልሱን አላውቀውም ነበር። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። "እንዲህ ዓይነት ጥያቄ የሚያነሳ ሰው ልቡ ሌላ ቦታ ነው፤ ገና ትናንት መጥተህ ዛሬ ልትፈትነን ነው?" አልኩት። አንድ ሰው "አሜን" አለ። ልጁ ምንም አልመለሰም። መጽሐፍ ቅዱሱን ዘጋ፣ የማቀፊያውን ዚፕ ዙሪያውን ቀስ አድርጎ ጎተተ፤ ክፍሉ ጸጥ ብሎ ስለነበር ድምፁ እስከ መጨረሻው ይሰማ ነበር። ሻዩን ሳይጨርስ የሁላችንንም እጅ ጨብጦ ወጣ፣ የእኔንም ጭምር። ተመልሶ አልመጣም።

ሦስት ዓመት ያህል ቆይቼ ደወልኩለት። "በሰው ፊት ነው የሰደብኩህ፤ መልሱን ስለማላውቀው ነው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው" አልኩት። "ምናልባት አስቀይሜህ ከሆነ" የሚለውን ይቅርታ ተዉት፤ አስቀይማችኋል። ስድቡን የሰሙት ሰዎች ካሉ እነሱም ይቅርታውን ይስሙት፤ እኔ ከቡድኑ ለስድስቱ ነገርኳቸው። ልጁ ጥቂት ዝም ብሎ "ይቅር ብዬሃለሁ" አለኝ። ከዚያ "ጥያቄውስ?" አለኝ።

ቅዳሜ ተገናኘን። እስከዚያ አንብቤ ነበር። በ3ኛው ክፍለ ዘመን ዩልዮስ አፍሪቃኖስ የሚባል ክርስቲያን ይህንኑ ጥያቄ መልሷል አልኩት። ያዕቆብና ኤሊ የአንዲት እናት ልጆች ናቸው፤ ኤሊ ልጅ ሳይወልድ ሲሞት ያዕቆብ በዘዳግም 25 ሕግ ሚስቱን አግብቶ ዮሴፍን ወለደ፤ ዮሴፍ በሥጋ የያዕቆብ፣ በሕግ የኤሊ ነው። ልጁ ያንኑ የመሰለ ደብተር አውጥቶ ጻፈ። "ማስረጃ አለው?" አለኝ። አፍሪቃኖስ ታሪኩ ከጌታ የሥጋ ዘመዶች የወረደ ነው ይላል፣ ግን ራሱም ምስክር ባይኖረው እንኳ ከዚህ የተሻለ የለንም ብሎ ነው የሚያልፈው አልኩት። እሱንም ጻፈው። ከሥሩ የጥያቄ ምልክት አደረገና ሌላ ሻይ አዘዘልን።